ፈርዱ በማን ጫንቃ ላይ ነው?

ለመሆኑ ሐኪሞች ድባቴ ለሚሉት ሕመም መድኃኒት የሚጽፍለት አጥቶ የሚንከራተት ሰው ሲኖር ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄውን የጫረብኝ የአንድ ወዳጄ እህት ጉዳይ ነው። ኑሮዋ ወሎ ገጠር ነው። እንቅልፍ ራቃት፣ ምግብ አስጠላት፣ ልጇን ማቀፍ እንኳ ከበዳት። «ኢማኗ ደክሞ ነው» ተባለ። ሩቅያ ተደረገላት፤ ደግ አደረጉ። ሕክምና ስትሄድ የጨጓራ መድኃኒትና ቫይታሚን ተሰጣት። ፍሉኦክሰቲን የጻፈላት ሐኪም የተገኘው ከስምንት ወር በኋላ አዲስ አበባ ነው።

ፍሉኦክሰቲን ብርቅ መድኃኒት አይደለም። አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚዋጥ ጾመኛንም እምብዛም አያስቸግርም (ሰዓቱን ግን ሐኪሙን መጠየቅ ነው)። ነገር ግን ወዲያው አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ይህን የሚነግረው ያጣ በሽተኛ «አልበጀኝም» ብሎ በአሥረኛው ቀን ይጥለዋል። ስለዚህ የጠፋው እንክብሉ ብቻ ሳይሆን ጽፎ የሚከታተለው ሰው ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዛሬም ጥቂቶች ናቸው።

ኢማንን ለሚያነሱ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱትን አቡ ዘይድ አል-በልኺን ማስታወስ ይበቃል። ሐዘንን ምክንያቱ የሚታወቅና የማይታወቅ ብለው ከፍለው፣ ሁለተኛው ከሰውነት የሚመነጭ ስለሆነ በሰውነት በኩል ይታከም ብለዋል።

ከዚህ የሚከብደው የኢማም አል-ገዛሊ ነገር ነው። ሕክምናን ፈርድ ኪፋያ አድርገው ይቆጥሩታል፤ የሚበቃ ሰው ከተወጣው ከሌላው ይወርዳል፣ የሚወጣው ከጠፋ ግን ሁሉም ይጠየቃል። በዘመናቸው ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ጎርፎ ከተማው ሙስሊም ሐኪም ያጣው ለምን እንደሆነ ሲናገሩም ማንንም አላፈሩም፦ በሕክምና የወቅፍና የየቲም ገንዘብ አስተዳዳሪነት፣ ቃዲነትም አይገኝማ!

እኛስ? ለመስጂድ ምንጣፍ እናዋጣለን፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ የገጠር ነርስ ይህን ሕመም ለይቶ እንዲያክም ለማሠልጠን አዋጥተን እናውቃለን? «የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ዘካችንንስ መንግሥት ያወጣልናል?

የወዳጄ እህት ዛሬ ልጇን ታቅፋለች። መድኃኒቱ በአካባቢዋ ስለማይገኝ ወንድሟ በየወሩ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይልክላታል።