ከኪሳራ ማግስት «አንድ እንሁን» ማለት የማን መብት ነው?

እንደሚታወቀው ያለፉት ዓመታት ለከተማችን ንግድ ቀላል አልነበሩም። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። በ2013 ጦርነቱ ተከተለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ ትናንት የሸጠውን ዛሬ በዚያው ገንዘብ መተካት አቃተው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ፤ የስንቱ ዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። መከራዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም በየሱቁና በየድርጅቱ የተዉት ጠባሳ ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛ ይቀነሳል፣ ደሞዝ ይዘገያል፣ የቀሩት ባልደረቦች እርስ በርስ በጎሪጥ መተያየት ይጀምራሉ። ነገሩ ትንሽ ረገብ ሲል ታዲያ አሠሪው ሰዉን ሰብስቦ፦ «ያለፈው አልፏል፤ አሁን እንደ አንድ ቤተሰብ ሆነን እንነሳ» ይላል።

ይህች ንግግር በራሷ ክፋት የለባትም። ብዙ ጊዜም ከቅን ልብ ትወጣለች። በሥራዬ ምክንያት በሆቴል አዳራሾች የሚደረጉ እንዲህ ዓይነት ስብሰባዎችን ደጋግሜ ተከታትያለሁ። ከውጭ የተጋበዘ ተናጋሪ ይመጣል፤ መርከብና ማዕበል ይጠቀሳል፤ ሠራተኛው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ፎቶ ይነሳል፤ ምሳ ይበላል። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ያ ጉርምርምታ እዚያው ይጠብቀዋል። ለምን ይሆን? የተናጋሪው ችሎታ ማነስ ነው? አይመስለኝም።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ድርጅት በተደረገ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ስለ ቤተሰብነት ረዘም ያለ ንግግር ካደረጉ በኋላ መድረኩ ለጥያቄ ተከፈተ። ብዙ ዓመት ያገለገሉ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ተነሡና፦ «ጌታዬ፣ ለሦስት ወር ግማሹ የተቆረጠው ደሞዛችን ብድር ነው ወይስ ስጦታ? ብድር ከሆነ መቼ እንደሚመለስ ይነገረን። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ሰጪዎቹ እኛ ነንና አመስግኑን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሥራ አስኪያጁም ሳቁ። ግን መልስ አልሰጡም፤ ስብሰባው እዚያው ላይ አለቀ ማለት ይቻላል።

እኚህ ሰው የጠየቁት ጥያቄ የገንዘብ ብቻ መስሎ ይታይ እንጂ የሞራል ጥያቄ ነው። በመሠረቱ አንድ ድርጅት በትርፍ ዘመኑ ሠራተኛውን «ቅጥረኛ» ብሎ፣ በኪሳራ ዘመኑ «ቤተሰብ» ሊለው ይችላልን? በፊቅህ የተማርነው የንግድ ሕግ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። በሙዷረባ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ሙያና ጉልበቱን ያመጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ኪሳራ ቢደርስ ግን፣ ሠሪው ካላጠፋ ወይም ውል ካልጣሰ በቀር፣ የገንዘቡ ጉዳት በባለ ገንዘቡ ላይ ይወድቃል። ሠሪውም ከንቱ የቀረ ልፋቱን ከስሯልና ሌላ አይጨመርበትም። በቅጥር፣ ማለትም በኢጃራ፣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የጠበቀ ነው። ሠራተኛው የትርፉ ተካፋይ ስላልሆነ ደሞዙ ቀጣሪው አተረፈም ከሰረም ዕዳ ነው። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስለመክፈል የሚነገረውን ሐዲስ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ማለት ግን በችግር ጊዜ ሠራተኛ ምንም አይሸከም ማለት አይደለም። ድርጅቱ ከሚዘጋ ደሞዜ ይቀነስ የሚል ሞልቷል፤ በኮሮናው ወቅት ይህን በፈቃዳቸው ያደረጉ አሉ። በፈቃድ የተሰጠ ነገር ግን ስጦታ ነው። የስጦታው ባለቤት ሳይታወቅ፣ መጠኑ ሳይነገር፣ «ያለፈው አልፏል» ሲባል ሰጪው የተሰረቀ ያህል ይሰማዋል። እንዲህ የተሰማውን ሰው ደግሞ የትኛውም ንግግር አያነሳሳውም። ስለዚህ ለእኔ «አንድ እንሁን» የማለት መብት የሚገኘው ጉዳቱ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ ነው። ከተናጋሪው ትከሻ ላይ ምን ያህሉ እንዳረፈም ጭምር።

እዚህ ላይ ኡሑድን ማንሳት ግድ ይለኛል። የነጋዴን ሱቅ ከሰሓባዎች ሜዳ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ከሽንፈት ማግሥት ሰውን ማሰባሰብ ምን እንደሚመስል ግን ከዚያ የበለጠ ትምህርት አላውቅም። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከልን ያዘነብሉ ነበር። ወጥቶ መግጠምን የፈለጉት፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ስለበረቱ ግን ምክራቸውን ተቀብለው ወጡ። ኮረብታው ላይ ከቆሙት ሃምሳ ያህል ቀስተኞች አብዛኞቹ ትእዛዝ ጥሰው ወረዱ፤ ድሉ ተገለበጠ፤ ሰባ ያህል ሰሓባዎች ሸሂድ ሆኑ። እሳቸው ራሳቸው ፊታቸው ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተሰበረ።

ማንኛውም አለቃ በዚህ ጊዜ ምን ይላል? «ምክራችሁን ሰምቼ ይኸው! ከእንግዲህ የምወስነው እኔ ብቻ ነኝ» ማለት ቀላል ነበር። በአሊ ዒምራን ሱራ የወረደው ግን ተቃራኒው ነው። ጥፋቱ አልተሸፋፈነም፤ ዱንያን የፈለጉ እንደነበሩ በግልጽ ተነግሯል። ከዚያ ግን ልዝብነት፣ ይቅርታ፣ እንደገናም እነዚያኑ ሰዎች ማማከር ታዘዘ። ልብ በሉ፤ ሹራ የታዘዘው ምክክር መልካም ውጤት ባመጣ ማግሥት ሳይሆን፣ በሰው ዓይን ምክክር ለሽንፈት የዳረገ በመሰለበት ማግሥት ነው። በማግሥቱም ጠላትን ለመከታተል ወደ ሐምራኡል አሰድ ሲወጡ፣ ለጥቂት ምክንያት ካለው ሰው በቀር፣ አብሯቸው እንዲወጣ የተፈቀደለት ትናንት ኡሑድ የዋለው ብቻ ነበር። አዲስና ያልቆሰለ ሰው አልፈለጉም። የተሸነፉት ራሳቸው፣ ከነቁስላቸው፣ ወዲያው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ተሰጣቸው። የቆሰለው ሰው እንደገና እንደሚታመን የነገረው ንግግር አልነበረም፤ ጥሪው ራሱ ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በንግዱ ዓለም በዚህ ጉዳይ ብዙ ከሚወሱት አንዱ የጃፓን አየር መንገድ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከ2 ትሪሊዮን የን በላይ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። መንግሥት ካዙኦ ኢናሞሪ የተባሉትን የ78 ዓመት ሰው ሊቀመንበር አድርጎ አመጣ። ኢናሞሪ ኪዮሴራ የተባለውን ኩባንያ የመሠረቱ፣ የአየር መንገድ ሥራ ግን የማያውቁ ሰው ነበሩ። ደሞዝ አልወስድም አሉ። በመጀመሪያ የሰበሰቡት ተራውን ሠራተኛ ሳይሆን ከፍተኛ ኃላፊዎችን ነው፤ ሃምሳ የሚሆኑትን አስቀምጠው ስለ ሐቀኝነት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ሒሳብ አስተማሯቸው። (ከትምህርቱ በኋላ ቢራ ይዘው እየተቀመጡ ይወያዩ ነበር ይባላል፤ ይህን እንኳ ለእነሱ እንተውላቸው፤ እኛ ዘንድ ቡናው ይበቃል።) ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገቢና ወጪ በየወሩ እንዲያይ አደረጉ። ቀድሞ የበላዮች ምሥጢር የነበረው ቁጥር የሁሉም ሆነ። በመጋቢት 2011 በተዘጋው የበጀት ዓመት ድርጅቱ 188 ቢሊዮን የን ያህል የሥራ ትርፍ አስመዘገበ፤ በመስከረም 2012 ወደ አክሲዮን ገበያ ተመለሰ።

የአመራር ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን ቀሪውን ጨምሮ ማንበብ ግዴታ ይመስለኛል። በዚያ ጊዜ ወደ 16,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ድርጅቱን ለቀዋል። ጡረተኞች የጡረታ አበላቸው በ30 በመቶ እንዲቀነስ ተጠይቀው ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ተስማምተዋል። በ2010 የመጨረሻ ቀን ደግሞ 165 አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች ያለ ፈቃዳቸው ተሰናበቱ። ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን ስንብቱን አጸኑት። ኢናሞሪ ራሳቸው በኋላ ሲጠየቁ፣ ከድርጅቱ አቅም አንጻር እነዚህን ሰዎች ማቆየት የማይቻል እንዳልነበረ፣ ነገር ግን ለፍርድ ቤትና ለአበዳሪዎች የተገባ ቃል በመኖሩ እንደተፈጸመ ተናግረዋል።

እስቲ እንፍረድ። ኢናሞሪ ያለ ደሞዝ መሥራታቸው፣ ቁጥሩን ለሁሉም መክፈታቸው፣ ትምህርቱን ከአለቆች መጀመራቸው፣ እኔ ከላይ መብት ያልኩትን በእርግጥ አስገኝቶላቸዋል። የቀሩት ሠራተኞች የተከተሏቸውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የጡረተኞቹና የ165ቱ ነገር አንድ አይደለም። ጡረተኞቹ ተጠይቀዋል፤ ምርጫው መራራ ቢሆንም ድምፅ ሰጥተዋል። ሌሎቹ ተነገራቸው እንጂ አልተጠየቁም። የድርጅቱ ማንሰራራት ጡረተኞቹ የሰጡትን ስጦታ ትርጉም ይሰጠዋል፤ በ165ቱ ላይ የደረሰውን ግን አያጥብም። ትርፍ ሐቅን አይከፍልም፤ ሐቅ የሚከፈለው ለባለቤቱ ነው።

በሌላ ወገን የሚነሳ ክርክር አለ፤ ደካማም አይደለም። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ቀላል ነው። ሁሉንም ልያዝ ያለ አሠሪ ሁሉንም ይዞ ይሰምጣል» የሚለኝ ነጋዴ አይጠፋም። የአሜሪካዊውን የአሮን ፎየርስታይንን ታሪክ ብነግረው ክርክሩን ያጠናክርለታል። በማሳቹሴትስ የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካቸው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 በእሳት ወደመ። እኚህ ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ ባለሀብት የመድን ገንዘባቸውን ይዘው ጡረታ መውጣት ሲችሉ ፋብሪካውን እዚያው እንደሚሠሩ አስታወቁ፤ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞችም ለወራት ደሞዝ ከፈሉ። ሠራተኛው ከእሳት በተረፈችው ክፍል ገብቶ ከቀድሞው በላይ እንዳመረተ ሲናገሩ ኖረዋል። አዲሱ ፋብሪካም ተሠራ። ይሁንና የግንባታው ዕዳና የርካሽ ምርት ፉክክር ተደራርበው ኩባንያው በ2001 ለኪሳራ ተዳረገ፤ ከዚያም ከእጃቸው ወጣ።

ታዲያ ፎየርስታይን ተሳስተዋልን? ቸርነት ለትርፍ ዋስትና ይሆናል ብሎ ለሚሰብክ ሰው ይህ ታሪክ መልስ ነው፤ አይሆንም። ለእኔ ግን ጥያቄው እሱ አይደለም። ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱም ተታልሎ አልተነሳሳም። እንነሳ ያላቸው ሰው ከኪሱ አውጥቶ ከእነሱ ጋር ወርዷል። ነጋዴ ሊከስር ይችላል፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ሰውን በባዶ ቃል ማሠራት ግን በነጋዴው እጅ ያለ ምርጫ ነው። ደግሞም ማንም ሁሉንም ሠራተኛ ያዝ አላለም። መቀነስ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ መጠየቅ ያለበት፣ ከመቀነስ በፊት ምን ተሞከረ? አለቃው ከራሱ ምን ቀነሰ? የሚለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በወረርሽኙ ጊዜ መንገደኛ ሲጠፋ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር ነቅሎ ጭነት ማመላለሱን ሁላችንም አይተናል። ለሁሉም ድርጅት እንዲህ ያለ መውጫ አይገኝም፤ ግን ከሰው በፊት ወንበር መንቀል እንደሚቻል ያሳያል።

የሠራተኛውንም ወገን ሳልነካው ብቀር ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ሒሳቡ በግልጽ ከተነገረ፣ አለቃው ድርሻውን ከተሸከመ፣ ይቅርታም ከተጠየቀ በኋላ ያንኑ ቁስል በየሻይ ሰዓቱ እየነካኩ መኖር ሌላ በደል ነው። አንዳንዱ ባልደረባ ኩርፊያውን እንደ ርስት ይዞታል፤ አዲስ የተቀጠረውን ልጅ ሳይቀር ያላየውን ቂም ያወርሰዋል። የተከፈለን ዕዳ ደግሞ መጠየቅ ከአበዳሪ የሚጠበቅ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሄዱት ሰዎች ጉዳይ ነው። ስብሰባው የሚደረገው ከቀሩት ጋር ነው፤ ካናቴራውን የሚለብሱት የቀሩት ናቸው። የተሰናበተው በዚያ አዳራሽ ወንበር የለውም። የቀረው ሠራተኛ ግን ዓይኑ እዚያ ባዶ ወንበር ላይ ነው፤ ነገ እኔስ እንዴት እሸኝ ይሆን እያለ ይለካበታል። የጃፓኑ አየር መንገድ ሥራው ሲያንሰራራ አዳዲስ የበረራ አስተናጋጆች መቅጠር ጀመረ፤ ከ165ቱ መካከል የነበሩት አስተናጋጆች ግን ገና በፍርድ ቤት ደጅ ነበሩ። በእኛም ሰፈር ሱቁ እንደገና ሲከፈት፣ ዕቃው እንደገና ሲሞላ፣ ለባለሱቁ የምጠይቀው አንድ ነገር ይህ ነው፦ ማስታወቂያ ከመለጠፍህ በፊት፣ በክፉ ቀን ላሰናበትከው ልጅ ስልክ ደውለህለታል?