አእምሮው ለታመመ ወንድማችን ሥጋ ተጠያቂው ማን ነው?

በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ ብዙ ተምረናል። ነፍስ በሥጋ ውስጥ እንደ ተሳፋሪ የተቀመጠች ሳትሆን ለሥጋ ሕይወትና ቅርጽ የምትሰጥ መሆኗን፣ ስለዚህም ሰው ማለት ሁለቱ በአንድነት መሆናቸውን፣ ቅዱስ ቶማስ አኲናስን ተከትለን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን መልካም ነጥብ አግኝተናል። ያን ትምህርት በቅጡ አለመማሬን የተረዳሁት ግን ከመገናኛ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

በዚያ ግቢ ዕድሜው ወደ 40 የተጠጋ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው የአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይኖራል። ለእናቲቱ ቅዱስ ቁርባን ይዤ በሄድሁ ቁጥር «ልጅዎ እንዴት ሰነበተ?» እላለሁ። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን አባ፣ ዝም ብሏል፤ ከክፍሉም አይወጣ» ይሉኛል። እኔም አመስግኜና ባርኬ እመለስ ነበር። ለብዙ ዓመታት ዝም ማለቱን እንደ መዳን ቆጠርንለት። በአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስኳር የበዛበት ሻይ እየጠጣና ሲጋራ እያጤሰ መዋሉን፣ ሰውነቱም ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መሄዱን ዓይኔ አይቶታል፤ ኅሊናዬ ግን አላየውም።

በአንድ ዐቢይ ጾም ወራት ውኃ በማሰሮ ይጠጣ፣ ሌሊቱን ለሽንት ይመላለስ ጀመር። የእግሩ ቁስልም አልድን አለ። እናቱ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም ቢወስዱት፣ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑ እንደ ታወቀ «ወደሚከታተልበት ውሰዱት» ተብለው ተመለሱ። ደሙን የመረመረለት አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ተቆጥቶ በሌላ ቦታ ሲያስመረምረው የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ያ የጤና ባለሙያና እኔ የሠራነው ስሕተት አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁለታችንም የታመመ አእምሮ እንጂ ሥጋ ያለው ሰው አላየንም።

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአገራችን የሕክምና ሊቃውንት በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። በእነዚያ ዓመታት 121ዱ ሞተዋል፤ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ራስን ማጥፋትና አደጋ ከምክንያቶቹ መካከል ቢሆኑም ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነበር። በሌላው ዓለምም እንዲህ ያሉ ሕሙማን ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ በዚያ በአብዛኛው የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ስኳርና የመሳሰለው ነው። ኦላንዛፒንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚያውኩ ድምፆችን ያርቃሉ፤ ይሁን እንጂ የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን ይጨምራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ሕሙማን አመጋገብና የሰውነት እንቅስቃሴ የሕክምናቸው ክፍል እንዲሆን ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ሰውየው ለምን አልተንቀሳቀሰም? ሕመሙ ራሱ ፈቃድን ያደክማል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እናቲቱን ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ሌላ ነገር ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ሾላ ገበያ ብቻውን ሲሄድ ልጆች «እብድ! እብድ!» እያሉ በድንጋይ አሳድደውት፣ ግንባሩ ደምቶ ተመልሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ዘጉበት። በሩን የዘጉት እናት ናቸው ብለን ልንፈርድ እንችላለን፤ ድንጋዩን የወረወሩት ልጆች ግን የእኛው ቁምስና ልጆችም ሊሆኑ ይችላሉ። ከላያችን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ስመ ጥር ሯጮች ጎሕ ሳይቀድ በባሕር ዛፉ መካከል የሚለማመዱበት ስፍራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ ፓርክ ተከፍቶበታል። በግርጌው የሚኖር ሰው ግን ጎረቤቶቹን ስለ ፈራ 100 እርምጃ መራመድ አልቻለም።

አንዳንድ መንፈሳውያን ወንድሞች «ለእንዲህ ያለው ጸሎትና ጸበል እንጂ የእግር ጉዞ ምን ይረባዋል?» ይላሉ። ጸሎትን የሚንቅ ካህን የለም። ይሁን እንጂ ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ የሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን ምግብና ውኃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ረጅሙን መንገድ የሄደው። ቅዱስ ቶማስም ሐዘንን ስለሚያቀልሉ ነገሮች ሲያስተምር እንባን፣ የወዳጅን አብሮነትና እውነትን ማሰላሰልን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍንና ገላ መታጠብንም ቈጥሯል። እርግጥ የኤልያስ ሐዘን ስኪዞፍሬኒያ አልነበረም፤ በእግር መሄድም መድኃኒትን አይተካም። መድኃኒቱን አስጥሎ ተራራ የሚያወጣ ሰው፣ ለስፖርትም ይሁን ለጸበል፣ ሕመምተኛውን ይጎዳዋል። (ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው ለፀሐይ ስስ ስለሚሆን ማለዳ ቢሄድ፣ ባርኔጣም ቢያደርግ መልካም ነው፤ ይህን የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት።)

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አልሄድም ቢልስ? ለጤናው ብለን እጁን ይዘን ልንጎትተው ይገባልን? ሕመሙ የፈቃዱን ኃይል ቢያደክምም ፈቃድ የሌለው ፍጡር አላደረገውም። እየተጎተተ የሚራመድ ሰው ልቡ ቢጠነክርም እንደገና እንደ ዕቃ ተቈጥሯል። በሌላ በኩል «ፈቃዱን አከብራለሁ» እያልሁ በበርጩማው ላይ ስተወው የኖርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ያ አክብሮት ሳይሆን ስንፍና ነበር።

መንገዱን ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ነው። በየማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ የመገናኛ ታክሲ ተራ ሳይጨናነቅ፣ «ና፣ ዳቦ እንግዛ» ይለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢው በር አላለፉም። ቀጥሎ እስከ ሱቁ፣ ከዚያም ከሾላ በላይ ወደ የካ ተራራ እስከሚያወጣው አቀበት ደረሱ። ይህ ወጣት አንድ ቀን መጥቶ «አባ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ እያለ ዳቦ እንግዛ ማለቴ ውሸት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ፈገግ ብዬ ልሸኘው ነበር፤ ነገር ግን የተታለለ ሕመምተኛ የሚያምነው ሰው እንደማይኖረው አስቤ ቆም አልሁ። እናቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ዳቦ እንዳይገዙ መከርሁት። እርሳቸውም ሳቁ፤ ተስማሙም።

ባለፈው ጊዜ ስሄድ ሰውየው በበርጩማው ላይ አልነበረም። ከወንድሙ ጋር ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ሲጋራውን አልተወም፣ ስኳሩም ገና በመድኃኒት የሚጠበቅ ነው፣ ድምፆቹም አልፎ አልፎ ይመጡበታል። ዳቦውን ለእናቱ ሰጥቶ ወደ እኔ ዞረና «አባ፣ ለዳቦ እንዳልሆነማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ» አለኝ። «ታዲያ ለምን ሄድህ?» ብለው፣ «ብቻዬን አይደለማ» ብሎ እግሩን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።