ሰጥቶ የማይጎድልበት ቋት

ቴርሞዳይናሚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የማስለምዳቸው አንድ እምነት አለ። እምነት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሙቀት ሞተር ከጋለው ቋት ሙቀት ይወስዳል፤ ከፊሉን ሥራ ያደርገዋል፤ የተረፈውን ቀዝቃዛው ቋት ላይ ይደፋል። ቋቶቹ ግን የቱንም ያህል ቢወሰድባቸው ወይም ቢደፋባቸው መጠነ ሙቀታቸው ንቅንቅ አይልም እንላለን። አንድ ጀበና ፈልቶ ጣና ላይ ቢገለበጥ ሐይቁ የሚሰማው ነገር የለም፤ እንደዚያ ነው። ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ለሞተሮች ሁሉ ያሰመረው ወሰን፣ ዛሬ በምናስተምርበት መልኩ፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አያቴ ደግሞ ምጽዋት በሰጠች ቁጥር «ሰጥቶ የማይጎድልበት አንድ እሱ ብቻ» ትል ነበር። እንዲህ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ያንኑ ባሕርይ ሰሌዳ ላይ ለአንድ በርሜል ውሃ ስሰጠው ይከነክነኛል።

እስቲ ጉድለቱን እንቁጠረው። አንድ ሊትር ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላ አንድ ሊትር በ10 ዲግሪ አለን። የማያልቁ ቢሆኑ ኖሮ ካርኖ ከተወሰደው ሙቀት እስከ 22 በመቶውን ሥራ እንድናደርግ ይፈቅድልን ነበር። ነገር ግን አንዱ በሰጠ ቁጥር ይበርዳል፣ ሌላው በተቀበለ ቁጥር ይሞቃል፤ በየዙሩም ልዩነቱ ይጠብባል። እንከን የማይወጣለት ሞተር እንኳ ሁለቱ 47 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲገናኙ ይቆማል። ከወሰደው ሙቀት ሥራ ያደረገው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የካርኖ ሕግ አልተሻረም፤ የሰጪው መጉደል ሒሳብ ውስጥ ገባ እንጂ።

ወደ ኳንተም ዓለም ሲወረድ ነገሩ ይረቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን፣ ማይንትስ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንዲት የካልሲየም አዮን የሚሠራ ሞተር ይፋ አደረጉ። የሚያሞቃት የኤሌክትሪክ ሁከት፣ የሚያቀዘቅዛት ሌዘር ነበር። ሞተሩ አንዲት አቶም እስከመሆን ሲያንስ፣ ሰጪና ተቀባዩ ግን ከውጭ ያለማቋረጥ የሚመገቡ መሣሪያዎች ነበሩ።

ቋቱ ራሱ ጥቂት አቶሞች ቢሆንስ? ያኔ ጉዳዩ መብረዱ ብቻ አይደለም። ግዙፍ ቋት ከሞተሩ ጋር የነበረውን ነገር ይረሳል፤ ስሌታችን የሚቀለውም በዚሁ መርሳቱ ነው። ትንሹ አይረሳም። ከሞተሩ ጋር ይቆራኛል፤ የሰጠው ኃይልም ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። አንዳንዴ «መጠነ ሙቀቱ ይህን ያህል ነው» ማለቱ ራሱ ትርጉም ያጣል።

ዲያቆን የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። «ፍጡር ሁሉ የሚያልቅ ከሆነ የማያልቀው አንዱ መሆኑ ተረጋገጠ» ይለኛል። እኔ አልስማማም። የቋት መጉደል፣ ቋት ስላልሆነው ምንም አያረጋግጥም፤ እምነትም በሊትር ውሃ ከተደገፈ ውሃው ሲበርድ ምን ሊሆን ነው?

ይልቅ የማየው ሌላ ነገር ነው። «ወሰን የለሽ ቋት» ተፈጥሮ ውስጥ ያገኘነው ነገር አይደለም፤ ስለ ሰጪው ላለመጠየቅ የተስማማንበት ውል ነው። ሰጪው ከተቀባዩ እጅግ ሲገዝፍ ውሉ ብዙም አይጎዳም። ሲቀራረቡ ግን ሐሰት ይሆናል። አያቴም ሆነች ስሌቱ የሚከለክሉኝ አንድ ነገር ነው፦ ፍጡርን እንደማያልቅ አድርጎ መቁጠር። ስለዚህ ፈተና ሳወጣ «ሞተሩ ምን ያህል ሥራ ሠራ?» ከሚለው ቀጥሎ «ቋቱስ ምን ቀረው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለሁለቱም እኩል ነጥብ እሰጣለሁ።