ስለ ውበት ፍርድ

ሰው ስለ ውበት ክርክር በተነሣ ጊዜ ነገሩን ቶሎ ለመቋጨት ሲል «ለእያንዳንዱ ደስ ያለው ነው የሚያምረው» ይላል፤ ነገር ግን ይህንኑ የሚለው ሰው፣ ልቡን የመሰጠውን ዜማ ባልንጀራው በቸልታ ሲያልፈው ባየ ጊዜ ቅር እንደሚለውና «እስቲ ደኅና አድርገህ ስማው» እያለ እንደሚሟገት የታወቀ ነው። ወጡ ጨው በዛበት፣ አነሰው በሚባልበት ጊዜ ግን ማንም ማንን ለማስረዳት ይህን ያህል አይደክምምና፣ የውበት ፍርድ ከምላስ ፈቃድ የተለየ ጠባይ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ጠባይ አጥብቆ የመረመረው የኮኒግስበርጉ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው «የፍርድ ኃይል ሒስ» በተባለው መጽሐፉ፣ ውበትን የሚፈርድ ሰው ከነገሩ የሚያገኘውን ጥቅም ሁሉ ወደ ጎን ማድረግ እንዳለበት፣ ፍርዱም በሕግ አንቀጽ ሊረጋገጥ ባይችል እንኳ የሰውን ሁሉ ስምምነት እንደሚሻ አስተማረ። ከእርሱ አስቀድሞ በዚሁ አቆጣጠር በ1757 ዓ.ም. ስለ ጣዕም መለኪያ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ግን መለኪያውን የፈለገው ከፈራጁ ዘንድ ነው፤ ብርቱ አእምሮና ረቂቅ ስሜት ያላቸው፣ በልምምድና በማነጻጸር የበሰሉ፣ ከአድልዎም የነጹ ሰዎች የሚስማሙበት ፍርድ እርሱ መለኪያ ይሁን አለ። ለምሳሌም ከሰርቫንቴስ ልብ ወለድ የሁለት ወይን ቀማሾችን ታሪክ ጠቀሰ፤ ወይን ጠጁ መልካም ነው፣ ነገር ግን አንዱ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ሁለተኛው ብረት ብረት ይላል ቢሉ ተሳቀባቸው፤ በርሜሉ ተሟጥጦ ባለቀ ጊዜ ግን በቆዳ ማንጠልጠያ የታሰረ ቁልፍ ከሥሩ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ቅኔ ተሟጦ የሚታይ በርሜል የለውም። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን፣ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ቢሆን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ ለመምህሩ በሚነግርበት ጊዜ ቤቱ ያልተሰበረ፣ አገባቡ ያልተፋለሰ፣ ሰሙና ወርቁም የተስማማ ሆኖ ሳለ፣ መምህሩ «ደኅና ነው» ብቻ ብሎ የሚያሳልፈው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቅኔ ግን ገና ወርቁ ብልጭ ከማለቱ ጉባኤው ሳይመካከር በአንድ አፍ «ይበል!» ይላል። ስሕተትን የሚያርመው ሕግ ነው፤ «ይበል» ያሰኘውን ግን ሕግ አላዘዘውም። ሆኖም ይህ ድምፅ የሚወጣው አገባቡን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ጆሮ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሕግን ያልተማረ ሰው ቢልም እንኳ የጎረቤቱን ድምፅ ተከትሎ ነው። ቅኔው ሹምን በሚያወድስበት ጊዜ ስለ ሹሙ ፊት ሲባል የሚነሣው «ይበል» ደግሞ ውዳሴ ከንቱ እንጂ ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ ካንት ስለ ጥቅም የተናገረውና ሂዩም ስለ ልምምድ የተናገረው በዚህ ጉባኤ ይገናኛሉ። «ለእኔ ያምራል» ብሎ የሚዘጋ ሰው ከምክንያት ይሸሻል፤ «ሕጉን አሟልቷል» ብሎ የሚዘጋም ከመስማት ይሸሻል። ውበትን በእውነት የሚፈርድ ሰው ግን ባልንጀራውን ማስገደድ እንደማይቻለው እያወቀ የነገሩን ምሥጢር አንድ በአንድ ያሳየዋል፤ ባልንጀራውም ያላየውን ቢያሳየው ፍርዱን ለመለወጥ አያፍርም፤ ሌላውን ሊያስተምር የሚሻ ፍርድ ራሱም ለመማር ካልተሰናዳ ትዕቢት ነውና።