ለጨቅላ እባብ ስለሚቀርብ ውኃ

በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች የሚገኘውና መርዝ የሌለው የበቆሎ እባብ፣ ከእንቁላሉ በሚወጣበት ጊዜ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማያልፍ፣ ውፍረቱም ከእርሳስ የማይበልጥ ደካማ ፍጥረት ሲሆን፣ እናቱ እንቁላሎቿን ጥላ ከሄደች 2 ወር ያህል ስለሚያልፍ የሚቀበለው ወላጅ የለውም። በቤት የሚያሳድገው ሰው ካለ ግን፣ ጨቅላው የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪጥል ድረስ፣ ይኸውም አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ፣ ምግብ የማይሻ በመሆኑ፣ አስቀድሞ የሚታሰብለት ነገር የውኃ መጠጫው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈ እግዚአብሔር በእባብና በሴቲቱ፣ በዘሩና በዘርዋም መካከል ጠላትነትን ካኖረ በኋላ፣ የሴቲቱ ዘር የሆነ ሰው ለእባብ ዘር ዕቃ መርጦ ውኃ ማቅረቡ ምሕረት ይባላልን ወይስ ከሥርዓት መውጣት? የአክሱምን ዘንዶ የአርዌን ታሪክ እየሰማ ያደገ አንባቢ መልሱን ሳያመነታ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ በበኩሌም እባብን በቤት የማኖር ፍላጎት አድሮብኝ አያውቅም። ነገር ግን መርገሙን የመረመረ ሰው፣ እባብ በደረቱ እንዲሳብና ትቢያ እንዲበላ እንደ ተፈረደበት እንጂ ውኃ እንደ ተከለከለ አያገኝም፤ መዝሙረኛውም በመዝሙር 103 የምድረ በዳ አራዊት ሁሉ ከምንጭ እንደሚጠጡ ሲናገር የተረገመውን ለይቶ አላስቀረም።

እኔ ግን ነገሩን ምሕረት ብሎ መጥራት ለአሳዳጊው ያላገኘውን ክብር መስጠት ይመስለኛል። በዱር ያለው ጨቅላ ጤዛውንም ኩሬውንም በሆዱ ተስቦ ይደርስበታል፤ በሣጥን የዘጋበት ሰው ግን ያን መንገድ ሁሉ ስለ ቆረጠበት፣ ክዳኑን በገጠመባት ሰዓት የዝናሙንና የጤዛውን መግቦት በራሱ ትከሻ ላይ ጭኗል፤ ስለዚህ የሚያቀርበው ውኃ ዕዳ ነው እንጂ ምጽዋት ሊባል አይገባውም። ለአርዌ የሚገበረው ግብር ከፍርሃት የመጣ ነበር፤ ይህ ግን የሚፈራ የሌለበት፣ ተቀባዩም ሰጪውን እንደ ውሻ ለይቶ የማያመሰግንበት ክፍያ ነው።

የዚህም ዕዳ ልክ የሚታወቀው በተቀባዩ አካል ነው። ሰፊና ጥልቅ ሳህን ያቀረበ ሰው ብዙ የሰጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጠባብ ሣጥን ውስጥ የሚተነው ውኃ አየሩን ከልክ በላይ ያረጥባል፣ የፈሰሰውም ምንጣፉን ያበሰብሳል፣ ከዚህም የቅርፊትና የሳንባ ደዌ ይከተላል። ከመጠን ያነሰችው ደግሞ ፈጥና ትደርቃለች፤ ደረቅ አየርም የሚጣለው ቆዳ ተቆራርጦ በዓይንና በጅራት ጫፍ ላይ እንዲቀር ያደርጋል። ስለዚህ የለመዱት ሰዎች ዝቅ ያለ፣ ክብደት ያለው፣ ግርጌው ከአፉ የሰፋ፣ እባቡ ሲንተራሰው የማይገለበጥ የሸክላ ዕቃ መርጠው፣ ሙቀት ከሚሰጠው ወገን አርቀው በቀዝቃዛው ጥግ ያኖሩታል፤ ውኃውንም ሳይሰነብት፣ ከቆሸሸም ወዲያውኑ ይለውጡታል። ለመጠጣት ጥልቀት አያስፈልገውም፤ ምላሱ ሽታ ለመልቀም እንጂ ውኃ ለመላስ አልተፈጠረምና፣ አፉን ከውኃው ፊት አግጥሞ በመንጋጋው እንቅስቃሴ ይስባል።

በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ፣ እባብ ወደ ውኃ ሲወርድ መርዙን በጉድጓዱ ትቶ እንደሚሄድ ይተርክና፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ምእመን ክፋቱን ትቶ እንዲመጣ ይመክርበታል። ተፈጥሮን ለሚመረምር ሰው ይህ ምሳሌ እንጂ ታሪክ አይደለም፤ የበቆሎ እባብማ የሚተወው መርዝ እንኳ የለውም። የሚገርመኝ ግን ጸሐፊው ለምግባር አብነት ሲሻ እባብን በሚጠጣበት ሰዓት መምረጡ ነው፤ በዚያች ሰዓት የጥንቱ ጠላትነት ለጊዜው እንደ ቆመ ቆጥሮታል ማለት ነው።

እባብ በተፈጥሮው ዋናተኛ ስለሆነ በሳህን ውኃ ይሰጥማል ብሎ መሥጋት ከንቱ ነው የሚል ቢኖር፣ በከፊል እውነት ተናግሯል። ነገር ግን የዱር ኩሬ ዳርቻ አለው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያሙለጨልጭ ዕቃ ግን ለስንዝር ጨቅላ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ሊሆንበት ይችላል፤ ድካሙንም የሚያመጣበት ዕቃውን የመረጠው ሰው ነው። እንግዲህ ከጥልቅ ሳህን በቀር ሌላ የሌለው አሳዳጊ፣ ውኃውን ዝቅ አድርጎ ይቅዳ፣ ከውስጡም ጨቅላው የሚወጣበት ሻካራ ድንጋይ ያኑር።