የእጅ ፈትልና የመኪና ሸማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በጊንጪ አልፎ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ፥ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማልዶ የተጓዘ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ዳር የሚያየው ልብስ ሁለት ዐይነት ነው። ሽማግሌው ጋቢውን ወይም ቡልኮውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሄዳል፤ ጎልማሳው ደግሞ ከፋብሪካ የወጣ ሹራብና ካፖርት ለብሷል። ነገር ግን ያው ጎልማሳ ማታ ከቤቱ ሲገባ ካፖርቱን አውልቆ ጋቢ ይደርባል። የሠርግ ቀን ወይም የዕርቅ ሸንጎ የደረሰ እንደ ሆነማ ካፖርቱ ጨርሶ ይረሳል። መኪና በጥቂት ጊዜ የሚጨርሰውን ሸማኔ ብዙ ቀን ይደክምበታል፤ ዋጋውም ይበልጣል። ታዲያ የእጅ ሥራ እስከ ዛሬ ሳይናቅ የቆየው ስለ ምን ነው?

በመጀመሪያ የሚሰጠው መልስ «የእጅ ሥራ ይሞቃል» የሚል ነው። ይህም ከንቱ ወሬ አይደለም። ሴቲቱ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን ካወጣች በኋላ በደጋን ነድፋ ታባዝተዋለች፤ ከዚያም አመልማሎ አድርጋ በእንዝርት ትፈትለዋለች። በእንዝርት የተፈተለ ማግ እንደ ፋብሪካ ክር ጠብቆ አይከርርም፤ አንዱ ስፍራ ወፈር፥ አንዱ ስፍራ ቀጠን ያለ፥ ልል ነው። ስለ ልልነቱም በውስጡ አየር ይይዛል፤ ብርድን የሚመልሰውም ይህ የተያዘው አየር ነው። ጋቢም ተደራርቦ የሚሰፋ ስለ ሆነ በንብርብሩ መካከል ሌላ አየር ይጨመራል። እንግዲህ መኪና እንደ ጉድለት የሚቈጥረው የክሩ አለመስተካከል ለለባሹ ጥቅም ሆኖ ተገኘ።

ዳሩ ግን ይህ መልስ ብቻውን አይበቃም። ከሱፍ የተሠራ የፋብሪካ ብርድ ልብስም ይሞቃልና። ከዚህም በላይ፥ ዛሬ የእጅ ሥራ የሚባለው ሸማ ራሱ ከመኪና ጋር የተጋባ ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ቢሆንም ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ድር ተወጥሮ የሚውል ስለ ሆነ ጠንካራና እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል፤ ሸማኔውም የሚበጠሰውን ክር ሲቀጥል ከመዋል ያርፋል። ክሩ ቀድሞ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ፤ በኋላም በአቃቂና በባሕር ዳር ሌሎች ተጨመሩ። «ጋቢዬ መኪና ያልነካው ነው» ብሎ የሚመካ ሰው ድሩን ቢመረምር የኩራቱ እኩሌታ ከመኪና የተበደረው ሆኖ ያገኘዋል። ነውርም የለበትም፤ መመካቱ ብቻ ልኩን ቢያውቅ መልካም ነበር።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፈተናው በረታ። የጥበብ ቀሚስ ጥለት፥ ሸማኔው ክሩን እየቈጠረ የሚያወጣው ያ ሁሉ ቅርጽ፥ በባሕር ማዶ ፋብሪካ በጨርቅ ላይ እየታተመ ይገባ ጀመር። ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔዎች ብዙ ቀን የሚደክሙበትን ኅትመቱ ባንድ አፍታ ይመስለዋል። ከሩቅ ለሚያየው ልዩነቱ አይታወቅም። አንዲት ሴት እንዲህ ያለውን ቀሚስ የእጅ ሥራ ነው ተብላ ገዝታ ደስ ብሏት ሳለ፥ ኅትመት መሆኑን በኋላ ብትሰማ ታዝናለች። ቀለሙ አልጠፋም፤ ቅርጹም አልተዛባም፤ ዐይንዋ ያጣው አንዳች ነገር የለም። እንግዲያውስ የገዛችው ከጨርቁ ላይ የማይታይ ሌላ ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ይኸውም ስለ እርስዋ አንድ ሰው ተቀምጦ መዋሉ ነው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ፥ መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይውላል፤ ስለዚህ የሸማው ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ልብሱ በለባሹ ሳይለካ በፊት በሠሪው አካል ተለክቷል።

ይህን ያህል የሚወደድ ነገር ሠሪውን ማስከበር ይገባው ነበር። ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን ብሥራቱን የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደ ሆነ እየተነገረ፥ እንዝርትና ሸማኔ በዚህች አገር መናቃቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሸማኔውን፥ አንጥረኛውን፥ ጸሐፊውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ የወጣው ስድቡ ስለ ነበረ ነው። ተሳዳቢው ግን ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር? ሸማኔው የሠራውን ኩታ።

ዛሬ ስድቡ ቢቀንስ እንኳ ሌላው አልቀረም። በሠርግ ቤት የእጅ ሥራን ሲያደንቅ ያመሸ ሰው፥ በማግሥቱ ከገበያ ወጥቶ ዋጋውን ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር እያስተያየ ሸማኔውን ያስጨንቀዋል። ፈታይዋማ ከቍጥር አትገባም፤ ልቃቂትዋን ለነጋዴ ሸጣ ሄዳለች፤ በእሳት ዳር የፈተለችበትን ማታ ማንም አላሰበላትም። እንዲህ ያለው ሰው የወደደው እጁን ነው ወይስ የሰውን ድካም በርካሽ በትከሻው ላይ መጣልን?

ይህ ነገር በሌላም አገር ታይቷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ የፋብሪካን ዕቃ ጠልቶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ከወዳጆቹ ጋር የእጅ ሥራ ቤት አቋቋመ። ሐሳቡ ያማረ ነገር ለሰው ሁሉ እንዲደርስ ነበር፤ ሥራው ግን ውድ ስለ ሆነ የገዛው ባለጠጋው ሆነ፤ ይህም ራሱን ሞሪስን አሳዘነው። በህንድ ጋንዲ ሌላ መንገድ ያዘ። ተከታዮቹን የእጅ ልብስ እንዲለብሱ ብቻ አላዘዘም፤ ራሳቸው እንዲፈትሉ ጠየቀ፤ በ1925 የፈታዮች ማኅበር አቋቋመ፤ እርሱም በየቀኑ ይፈትል ነበር። የጋንዲ ፈትል ለፋብሪካዎቹ ብዙ የሚያስፈራ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ክንድ ክር ስንት ድካም እንደሚፈጅ በጣቱ ያወቀ ሰው በሸማኔ ላይ ዋጋ ለማርከስ አፉ አይከፈትም።

ደግሞም የፋብሪካውን ብርድ ልብስ የሚንቅ ሰው ጥቂት ይታገሥ። በአምቦ ብርድ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ወይም ከገጠር የመጣ ተማሪ የሚችለው እርሱን ነው። ቡልኮ የለህም ብሎ ማሳፈር ዕራቍትነትን እንደ መስደብ ይቈጠራል።

ከጉደር ወዲያ ባለ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ። ልጅዋ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል። እናቲቱ ወራት ሙሉ ፈትላ፥ ለሸማኔ ሰጥታ፥ ጋቢ አሠርታ ትልክለታለች። እርሱም ድንጋይ ተሸክሞ ካገኘው የቀን ምንዳ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ አበባ የታተመበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይሰድላታል። ጎረቤት «ይህማ በየሱቁ የሞላ ነው» ይል ይሆናል። እርስዋ ግን አትለብሰውም፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ አውጥታ ታሳያለች፤ ከዚያም ቀስ ብላ አጥፋ ከሣጥንዋ ትመልሰዋለች። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ የምትደርበው ያንኑ አሮጌ ጋቢዋን ነው።