አባይ መለኪያ

አጎቴ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣት ዜኒት-ኢ ካሜራ እኔ እጅ ከገባች 25 ዓመት አልፏታል። ባትሪ አትጠይቅም። ከሌንሷ በላይ የማር እንጀራ የመሰለ መስኮት አላት፤ ከጀርባው ያለው ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በዚያ ኃይል አናቷ ላይ ያለችው መርፌ ትነቃነቃለች። መርፌዋን ተከትሎ ቁጥሩን ማንበብ ነው። አነብባለሁ፣ ያለችኝን አደርጋለሁ።

ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቼን በእጃቸው የሚያጥቡልኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድም ቀን ተበላሽቷል ብለው አልመለሱልኝም።

ኋላ አንድ ወዳጄ ከጀርመን ስላይድ ፊልም ይዞልኝ መጣ። ግማሹን ጃን ሜዳ፣ ጥምቀት ላይ አነሳሁበት፤ የተረፈውን ደግሞ አንድ ደብር ግቢ፣ ጽዶቹ ሥር። ታጥቦ ሲመጣ ግራ ገባኝ። የጥምቀቱ ሕዝብ ነጠላው ከነጥለቱ ቁልጭ ብሏል። ጽዶቹ ሥር የተቀመጡት እናቶች ግን ነጭ ጭስ ሆነዋል፤ ከአንዷ ፊት የቀረው ቅንድብ ብቻ ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ልፈትናት ወጣሁ። የድሮ ፎቶ አንሺ በቃሉ የያዘው ስሌት አለ፦ በጠራ ፀሐይ፣ 100 ፊልም ከሆነ፣ ሸተሩ 1/125፣ አፐርቸሩ 16። የኔዋ 8 አለች። ሁለት እርከን። ጥላ ውስጥ ገብቼ 5.6 ስጠብቅ 2 አለች። ሦስት። ሴሌኒየም በዕድሜ ይደክማል፤ ፀሐዩን እያየ «ጨልሟል፣ ክፈት» ይላል።

ጥምቀቱስ እንዴት ዳነ? ደህና መለኪያ እንኳ ዓለሙን ሁሉ ግራጫ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ነጭ በነጭ ሲሆንበት «ብርሃን በዛ፣ ዝጋ» ይላል። ነጠላው ዝጋ ሲላት፣ እርጅናዋ ክፈት ሲላት፣ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። እኔ ደግሞ ስንት ጥምቀት ያንን አይቼ ነው ያመንኳት!

ታዲያ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቼ ሁሉ እንዴት ደህና ወጡ? ያን ጊዜ አዛውንቱ ትዝ አሉኝ። ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ጡረታ ወጥተዋል።

«ጋሼ፣ ነጌቲቮቼ እንዴት ነበሩ?»

«ወፍራም! ድፍን ያሉ!» አሉ ሳቅ ብለው። «ወረቀቱ ላይ ለሌላው 10 ሰከንድ የማበራውን ላንተ 25 አበራ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ፎቶው ወጣልህ አይደል?»

መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛንን አጥብቆ ያወግዛል። ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ቅቤ ሲመዝን ጣቱን ጣል የሚያደርግ ነጋዴ ነው። እሱ ግን ማጭበርበሩን ያውቃል። የኔ መርፌ የምታውቀው ነገር የለም፤ እኔም አላውቅም ነበር፤ የሚያውቁት ጉድለቴን ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሸፍኑልኝ ሰው ብቻ ነበሩ። አልወቅሳቸውም፤ ግን ቅር ብሎኛል። ያ ትርፍ 15 ሰከንድ ለፎቶው ምሕረት ነበር። ለኔም ነበር ማለት ይከብደኛል።

የነፍስ አባቴ ይህን ሳጫውታቸው ንስሐ ያልቀደመው ይቅርታ የለም አሉኝ። ይሁን። ንስሐ ለመግባት ግን መጀመሪያ በደልን ማወቅ አለ፤ ለማወቅ ደግሞ በደረቴ የተሸከምኩት ያቺኑ የደከመች መርፌ ነው። ኅሊናዬ ሁለት እርከን ቢስት በምን አውቃለሁ? ደግሞ ካሜራዋ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ብትስት በልምድ እንግባባ ነበር። ፊልሙ 400 ነው ብዬ ብዋሻት ፀሐይ ላይ ትስተካከላለች፤ ጥላ ውስጥ ስንገባ ውሸቴ አይበቃትም።

መለኪያዋን አላስጠገንኩም። አሁን ነጌቲቮቼን ይዤ አዛውንቱ ቤት እሄዳለሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ፊልሙን በሁለት ጣት ጫፍና ጫፉን ይዘው መስኮቱ ላይ ያዩታል።

«ይቺ ደህና ናት» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ይቺ አሁንም ወፍራለች።»